ራሴ የራሴ ነው ያልኩ ቀን

ጭንቅላቴ ትልቅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ ለማወራችሁ መከራ ግማሹ ጥፋት የሱ ስለሆነ ነው። ሌላው ግማሽ ውስጡ የነበረው ሐሳብ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች እንደነገረችኝ፣ የተወለድኩ ዕለት አዋላጇ ራሴን አይታ «ተገላገልሽ፣ ልጁ ወጣ!» ብላ እልል ስትል፣ እናቴ «ኧረ ገና ራሱ ነው» ብላ ነው ያስቆመቻት። ከዚያ ወዲህ በልኬ ኮፍያ አግኝቼ አላውቅም። የዲላ ኮፍያ ሻጮች በሩቅ ሲያዩኝ ዕቃቸውን ወደ ኋላ ይሰበስባሉ። ልሞክር ብዬ ስንቱን እንደለጠጥኩባቸው እነሱ ያውቃሉ።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ዲላ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ መብትና ግዴታን አስተምሬያለሁ። መብት ላይ ስሆን ድምፄ ግቢውን አልፎ መንገድ ይሰማል፤ ግዴታ ላይ ስደርስ ደወል ይደወላል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው።

ሞተር ሳይክል የገዛሁ ጊዜ ደግሞ መብት ከደብተር ወጥቶ ደሜ ውስጥ ገባ። ጠዋት ነፋሱ ፀጉሬን እያበጠረልኝ ስበር፣ ሄልሜት የሚባለው ነገር ሰው ለገዛ ጭንቅላቱ የሠራው እስር ቤት ሆኖ ታየኝ። ሕጉ አድርግ ይላል። እኔ ግን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቆሜ ሕጉን ሞገትኩት። «የመኪና ፍሬን ይፈተሽ? እሺ። መብራት ይኑር? እሺ። እነዚህ ሌላውን ሰው ይጠብቃሉ። የኔ ጭንቅላት ቢፈነከት የየትኛው ጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል? ራሴ የራሴ ነው!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ካጨበጨቡት ውስጥ ሞተር ያለው አንድም አልነበረም፤ ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

አባባሌን ከሁሉ አብልጦ የወደደልኝ ታናሽ ወንድሜ ኤልያስ ነው። ወላጆቻችን ሲያልፉ እሱ ገና ተማሪ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ያልወሰደው ነገር የለም፤ መጀመሪያ ሸሚዜን፣ ቀጥሎ ጫማዬን፣ በመጨረሻ ንግግሬን። ወናጎ አጠገብ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ሲይዝ እሱም ሞተር ገዛ፤ ሄልሜት አድርግ ያለውን ሁሉ «ራሴ የራሴ ነው» እያለ መመለስ ጀመረ። እኔም ከኋላው ሆኜ እንደ አባት እኮራ ነበር።

ይኸው ኤልያስ ወናጎ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ትዕግስት የምትባል ነርስ ወደደ። እጁን ማሽን የያዘው የሥራ ባልደረባውን አድርሶ ሲመለስ ልቡን እዚያው ትቶ መጣ። ዓመት ሳይሞላ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ላክልኝ» አለኝ።

ሦስት ሆንን። የሽማግሌዎቹ አለቃ ዲላ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ሽኩር ናቸው፤ የከተማው ግማሽ ትዳር በእሳቸው ምላስ የቆመ ነው ይባላል። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ደጉ፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ሠራተኛ። ሦስተኛው እኔ። ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ወናጎ፣ ከልጅቷ አባት ከአቶ በራሶ ቤት ነበር።

ሐጂ «አብረን በታክሲ እንሂድ» ብለው ነበር። «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ በሞተሬ እደርስባችኋለሁ» አልኩ። አዲስ ኮት ለብሼ ነበር። ፀጉሬንም ከወናጎ ሰው ፊት የሚያስቆም አቆራረጥ ተቆርጬ ነበር። ይህን ውበት ከአሥራ አምስት ሰው ጋር ሚኒባስ ውስጥ ማሸት አልፈለግኩም።

በመንገዱ መካከል ያለችው ጪጩ ስደርስ ገበያው ደምቋል። መንገዱ መሐል ነጭ ጓንት ያጠለቀች ትራፊክ ፖሊስ ቆማ እጇን አነሳችብኝ። አጭር ናት። እጇ ግን ሲነሳ አንድ አይሱዙ፣ ሁለት ባጃጅና እኔ ባንድ ላይ ቆምን።

«ቲቸር፣ እንደምን አደሩ?» አለችኝ።

ቲቸር ስትለኝ ደስ አለኝ። ተማሪዬ ነበረች ማለት ነው፤ ዳንኩ አልኩ በልቤ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ማን ነበርሽ?»

«ጥሩነሽ ነኝ። ኮንስታብል ጥሩነሽ። መስኮቱ ሥር እቀመጥ ነበር። ሄልሜትዎስ?»

«ቤት ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ቤትም የለም።

«እንግዲያው ሞተሩን ያቁሙት።»

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ። «ጥሩነሽ፣ ዛሬ የወንድሜ ሽምግልና ነው። ሰው ይጠብቀኛል። ቅጣቱን ጻፊና ልለፍ።»

«ቅጣቱን እጽፋለሁ» አለች ደብተሯን እያወጣች። «ማለፍ ግን አይችሉም። ቅጣት የማለፊያ ፈቃድ አይደለም።»

እንግዲህ እኔ በሙያዬ ተነካሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ መስማት ሲጀምሩ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ከሞተሬ ሳልወርድ ስለ ነፃነት ሙሉ ምዕራፍ አስተማርኩ። እሷ ትጽፋለች፤ እኔ አስተምራለሁ። በመጨረሻ ያቺን የማትረታ ጥያቄዬን መዘዝኩ። «እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ ብወድቅ ከራሴ በቀር ማንን እጎዳለሁ?»

ብዕሯን አቆመች። «እኔን» አለች።

«አንቺን? እንዴት?»

«ቲቸር፣ ሰው እዚህ መንገድ ላይ ሲወድቅ የማነሳው እኔ ነኝ። ከኪሱ ስልኩን የማወጣው እኔ ነኝ። ‹እማዬ› የሚል ቁጥር እፈልግና እደውላለሁ። እናቲቱ ልጇ የደወለ መስሏት ‹ወዬ የኔ ጌታ› ብላ ታነሳዋለች። ከዚያ በኋላ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። እርስዎ ስልክ ላይ የምደውልለት ሰው ማን ተብሎ ነው የተቀመጠው?»

ሃያ ዓመት ስጠይቅ ኖሬ እንደዚያ ያለ መልስ ተመልሶልኝ አያውቅም። ግን አፍ ቢዘጋም ጉራ ወዲያው አይሞትም፤ «ሄልሜት ካመጣሁ ታሳልፊኛለሽ?» አልኳት እንደ ተበዳይ።

«ባርኬ።»

ሄልሜት ፍለጋ ጪጩ ገበያ ገባሁ። በቡናና በአቮካዶ ክምር መሐል ኮቴን ሰብስቤ፣ ያየሁትን ሞተረኛ ሁሉ ለመንኩ። ያላቸው ሰዎች አጥልቀውት ይሄዳሉ፤ የሌላቸው እንደኔ ከጥሩነሽ ተደብቀው በጓሮ መንገድ ይዞራሉ። በመጨረሻ አንድ ሕንፃ ከሚሠራበት ግቢ ዘበኛው ቢጫ የግንበኛ ቆብ አዋሰኝ። አናቴ ላይ እንደ ሎሚ ቁጭ አለ። ተመልሼ ጥሩነሽ ፊት ቆምኩ።

ከግራ አየችው፣ ከቀኝ አየችው። ሳቋን ዋጠች።

«ቲቸር፣ ይኼ ጡብ ከላይ ሲወድቅብዎ ነው። እርስዎ ግን ወደ ጡቡ ነው የሚወድቁት።»

ባጃጅ ነጂዎቹ በሳቅ ሞቱ። አንዱማ «ፋዘር፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሠሩት?» አለኝ። ቆቡን መለስኩ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ሞተሬን ትቼ ታክሲ ላይ መሳፈር እችል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ የመድረስ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእልህ ሆኖብኛል።

መንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጥ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት ሁሉን ስትመለከት ኖራ አዘነችልኝ። «ና እስቲ ወንድሜ፣ አንድ አለኝ፤ ግን ሰው አለበት» አለችኝ። ሰው ያለችው ዶሮዋን ነው። ልጇ ሐዋሳ ሲሄድ ትቶት የሄደው ባለ አገጭ ሄልሜት ከጓሮ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ውስጡ ሣር አለ፣ ሣሩ ላይ ቀይ ዶሮ ተኝታለች። አስካለ ዶሮዋን በይቅርታ አነሳቻት፤ ሥሯ ሦስት እንቁላል ነበር። እንቁላሎቹን ቅርጫት ውስጥ አዛውራ፣ ሣሩን አራግፋ ሄልሜቱን ሰጠችኝ። ዶሮዋ እስክወጣ ድረስ እየተከተለች ሰደበችኝ።

ችግሩ ቀጥሎ መጣ። ሄልሜቱ የተሠራው ለሰው ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የራሴን መጠን ነግሬያችኋለሁ። እስከ ግንባሬ ወርዶ ቆመ። አስካለ ከላይ ተጫነችኝ። ጥሩነሽ መንገዱን ለአፍታ ትታ መጥታ ጎንና ጎኑን ይዛ ወደ ታች ሳበችልኝ። ጆሮዎቼ እንደ ደብዳቤ ታጠፉ፤ ከዚያ «ቷ!» አለና ገባ። የአገጩን ማሰሪያ ጥሩነሽ ራሷ ቆለፈችው።

«ይሰማሻል?» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለች።

«እኔ አይሰማኝም ነው የምለው!»

«አይዞዎት፣ ቀስ ብለው ይሂዱ» አለችና ነጩን ጓንት አውለብልባ አሳለፈችኝ። የላባና የሣር ሽታ እየሳብኩ፣ ለፀጉሬ እያዘንኩለት፣ የሚረግምና የማይሰማ ሰው ሆኜ ወደ ወናጎ ነዳሁ።

አሥር ደቂቃ አልሄድኩም። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ዳርና ዳር ጭቃ አለው። ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ኩርባ ስዞር፣ ፊቴ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ባለበት ቀጥ አለ። ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ጎማ ጭቃውን ሲነካ ሞተሩ በጎኑ ሄደ፤ እኔ በራሴ አቅጣጫ ሄድኩ። ስበር ትዝ ይለኛል። ሳርፍ ግን ትዝ የሚለኝ ድምፁ ብቻ ነው። ትልቅ ድምፅ ነበር፤ ድንጋይ በባዶ በርሜል ላይ እንደወደቀ። በርሜሉ እኔ ነበርኩ።

ዓይኔን ስገልጥ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ፣ እንሰት ሥር ተኝቻለሁ። የቦዩ ጠርዝ የተገነባበት ድንጋይ ከጆሮዬ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የሄልሜቴ ቀለም ተፍቆ ቀርቷል። እጄን ሰድጄ በቀኝ በኩል ሄልሜቱን ዳሰስኩ። ጡጫዬን የሚያስገባ ጎድጓዳ አገኘሁ። ያን ጎድጓዳ እስክዳስስ ድረስ አልፈራሁም ነበር። ያ ጎድጓዳ የሄልሜቱ ባይሆን የማን እንደሚሆን ለማወቅ የሥነ ዜጋ መምህር መሆን አያስፈልግም።

ገበሬዎች ሮጠው አነሱኝ። ባጃጅ ነጂው እያለቀሰ ይቅርታ ይለኛል። ክንዴ ተፍቋል፣ ኮቴ ከትከሻው ተተርትሯል፤ አጥንቴ ግን ደህና ነው። «ሄልሜቱን አውልቅና ተንፍስ» አሉኝ። ልፈታው ብል ማሰሪያው ቁልፉ ላይ ተጣሞ ነክሶታል። አንዱ ከላይ ሊስብልኝ ሞከረ፤ አንገቴ እንደ ዶሮ ሊነቀል ሲል ጮህኩ። ተውት።

አራት ሰዓት ሆኗል። ለጋሽ ደጉ ደወልኩ፤ አያነሱም። ስለዚህ ዲላ ለቀረው ለኤልያስ ደወልኩ፤ እሱ ሽማግሌዎቹን አግኝቶ እንደምዘገይ ይንገርልኝ ብዬ። ስልኩ ጆሮዬ ጋ ስለማይደርስ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ በሄልሜቱ አፍ በኩል ጮህኩ። «ኤልያስ! ወድቄያለሁ! ራሴ አልወጣም! ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ!»

«ምን? ጋሼ! ጋሼ!» ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ያልኩት ምን ተብሎ ሊሰማ እንደሚችል ያኔ አላሰብኩም። እናንተ አስቡት።

ሞተሩ መሪው ትንሽ ቢጣመምም ተነሳ። በባጃጅ ፍጥነት፣ ከባጃጁ ኋላ ሆኜ ወናጎ ገባሁ።

አቶ በራሶ ቤት ስደርስ ሐጂ ሽኩር ንግግራቸውን አጋምሰው ነበር። «ዛሬ እዚህ ደጃፍ ያመጣን መልካም ጉዳይ ነው…» ሲሉ በሩ ላይ እኔ ቆምኩ፤ ጭቃ የተለወሰ ኮት፣ ከላዩ የጎደጎደ ጥቁር ሄልሜት፣ በአንገቱ ሥር አንድ ቀይ ላባ። የቤቱ እመቤት «በስመ አብ!» ብላ ቆጮ የያዘችውን ሰሃን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማን?» አሉ አቶ በራሶ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ድምፃቸው ከሆድ የሚወጣ ገበሬ ናቸው።

«የልጁ ወንድም ነው» አሉ ሐጂ፣ አንዴ እኔን አንዴ ጣሪያውን እያዩ። «ትንሽ… ጥንቁቅ ነው።»

ወድቄ እንደነበር፣ አሁን ደህና እንደሆንኩ፣ ሄልሜቱ ግን እንቢ እንዳለኝ አስረዳሁ። የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ናት፤ የደነገጠ ሰው ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም ብላ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። በሄልሜቱ የዓይን ቀዳዳ በኩል አጎረሰችኝ። ቆጮው በአፍንጫዬ ላይ አልፎ፣ ጉንጬን ጠይቆ፣ አፌ ዘንድ ሲደርስ ጎመኑ ቅንድቤ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ደጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሐጂ ነገሩን ወደ ቦታው ለመመለስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አቶ በራሶ፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው የመጣነው።»

አቶ በራሶ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መለሱ። «ልጁን አውቃለሁ። ሠራተኛ ነው፣ ጨዋ ነው። እኔ እምቢ አላልኩም። እናቷም እምቢ አላለችም። ትዕግስት ነች እምቢ ያለችው።»

«ልጁን አትወደውም?» አሉ ሐጂ።

«ትወደዋለች። ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ሞተር ሲነዳ ሄልሜት አያደርግም። ስትለምነው አንድ አባባል አለው፤ ‹ራሴ የራሴ ነው› ይላታል። እንደዚህ የሚል ሰው አላገባም አለች።»

«ራሴ የራሴ ነው?» አሉ ሐጂ በንቀት። «ይኼ ደግሞ የየትኛው ሞኝ አባባል ነው?»

ጋሽ ደጉ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከማረፊያ ክፍሉ ጀምሮ እስከ ሰፈራችን ሻይ ቤት ሲጨበጨብልኝ ያውቃሉ። ያቺን ሰዓት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቴን የሚሸፍን ነገር ስላደረግኩ ሄልሜቱን አመሰገንኩት። ሸሚዜን ሲወስድ ልኩ አልነበረም፣ ጫማዬን ሲወስድ ሰፍቶት ነበር፤ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ልክክ አድርጎ ለብሷት፣ የሚወዳትን ልጅ ሊያጣባት ነው።

ለመናገር አፌን ስከፍት ራሴ ዞረ፤ ወደ ጎን ተንገዳገድኩ። ያኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ትዕግስት ናት። ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም የሚለውን ወግ በሁለት እርምጃ አለፈችው። ሄልሜቱ ላይ ያለውን ጎድጓዳ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ማንም እንዳይነካው! ጋሼ፣ ይተኙ። እዚሁ ምንጣፉ ላይ። አባዬ፣ ናልኝ፣ አንገቱን ያዝልኝ። እንዲህ፣ በሁለት እጅህ። እስክልህ እንዳትለቅ።»

እኚያ ቤቱን በዝምታ የሚያስተዳድሩ ትልቅ ሰው ተንበረከኩ። ልጃቸውን እንዲሰጡን የመጣንባቸው አባት አንገቴን በመዳፋቸው ያዙ፤ እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። ትዕግስት በመቀስ የአገጩን ማሰሪያ ቆረጠች። ሄልሜቱን በሁለት ጎን ከፈት አድርጋ፣ ጆሮዬን አንድ በአንድ እያስመለጠች፣ ግማሽ ጣት በግማሽ ጣት ሳበችው። «አባዬ፣ ጥብቅ። ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ። ደርሷል… ደርሷል…» ስትል ወጣ። ብርሃን አየሁ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

አልተነሳሁም፤ አላስነሳችኝም። በስልኳ መብራት ዓይኔን እያየች ትጠይቀኝ ጀመር። «ስምዎት?» ነገርኳት። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ቅዳሜ አልኩ። «የት ነው ያሉት?» ወናጎ አልኩ። «ለምን መጡ?»

አባቷ አንገቴን እንደያዙ፣ ጎመን ቅንድቤ ላይ እንዳለ፣ ጣሪያውን እያየሁ መለስኩ። «ለወንድሜ አንቺን ልጠይቅ።»

መብራቱን አጠፋችው። የሄልሜቱን ጎድጓዳ በጣቷ ዳበሰች።

«ጋሼ» አለች፣ «ራሱ የራሱ ብቻ ከሆነ ለእኔ ከትዳሩ ምን ይደርሰኛል? ተረኛ በሆንኩ ቀን ሞተረኛ ወደቀ ተብሎ ሰው ተሸክመው ሲገቡ፣ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነው። የኤልያስ ጫማ አለመሆኑን ሳረጋግጥ ነው ሰውዬውን ማከም የምጀምረው። ነርስ ሆኜ። በዚህ አፍራለሁ። እድሜዬን ሙሉ ጫማ እያየሁ መኖር አልችልም።»

ሰው ተኝቶ ሊያፍር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ትራፊኳ ስትነግረኝ የሰማሁት በጆሮዬ ነበር፤ የቦዩ ድንጋይ ሲነግረኝ በራሴ ሰማሁት። ይህችኛዋ ስትነግረኝ ግን ሌላ ቦታ ገባ።

«ትዕግስት» አልኩ፣ «ያ አባባል የእሱ አይደለም። የኔ ነው። ሻይ ቤት ሲጨበጨብልኝ የሰማው ነው። ወንድሜ ከእኔ ሁሉን ይወስዳል፤ መጥፎውን ለይቶ አይተውም። ከፈለግሽ እኔን እምቢ በይኝ። እሱን ግን…»

ይህን ጊዜ ደጁ ላይ የሰው ጩኸት ተሰማ። «ወንድሜን! ወንድሜን አሳዩኝ!» እያለ ኤልያስ ገባ። ልጁ በሽምግልና ቀን የልጅቷን ቤት ደጃፍ አይረግጥም፤ እሱ ግን ጫማውን አንዱን በጭቃ አስቀርቶ፣ ፊቱ በእንባ ርሶ፣ ባዶ ራሱን ቤቱ መሐል ቆመ። ምንጣፍ ላይ ተዘርግቼ፣ አንድ ሽማግሌ አንገቴን ይዘው፣ ሌሎች ቆመው ዙሪያዬን ከበው ሲያይ በጉልበቱ ወደቀ።

«ደህና ነኝ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ራሴ አልወጣም ያልኩህ ከሄልሜቱ ነው!»

እጄን ይዞ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ባዶ ራሱን እያየ መሆኑን አስተዋለ። አለቀልን አልኩ በልቤ። ሞተር ይዞ፣ ያለ ሄልሜት፣ እያለቀሰ፣ በዚያ መንገድ በርሮ መጥቷል።

«በምን መጣህ?» አሉት አቶ በራሶ። ድምፃቸው አንገቴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

ኤልያስ አልዋሸም። «በሞተሬ ነበር የወጣሁት። ጪጩ ላይ ትራፊኳ አስቆመችኝ። ወንድሜ፣ መምህሩ፣ ወድቆ ሞቷል አሳልፊኝ ብዬ ጮህኩባት። ቁልፌን ነቀለችው። ‹ወንድምህን ቅድም አይቼዋለሁ፣ ሄልሜቱን ራሴ ነኝ የቆለፍኩለት› አለችኝ። ‹ስለዚህ ወድቆም ከሆነ ትደርስበታለህ። በዚህ እንባ ግን መንገድ አይታይህም፤ አንድ ቤት ሁለቴ አልደውልም› አለችና የሞላ ሚኒባስ አስቁማ፣ ሰው አስጠግታ ጫነችኝ። ሾፌሩን እቤቱ በር ድረስ ካላደረስከው ብላዋለች።»

እኔ ያቺን አጭር ሴት፣ ነጭ ጓንቷን አንስታ፣ ሲጮህባት ቆማ ስትሰማው አየኋት። ሃያ ዓመት ስንቱን አስተምሬ አሳልፌያለሁ። መስኮቱ ሥር የነበረችውን ልጅ ግን ምን እንዳስተማርኳት አላውቅም፤ ይህን ከእኔ እንዳልተማረችው ብቻ አውቃለሁ።

ትዕግስት ከተንበረከከችበት ተነሳች። የተቆረጠውን ማሰሪያ በእጇ እንደያዘች ኤልያስ ፊት ቆመች።

«ሞተሩስ?» አለችው።

«ጪጩ ቀረ።»

«አንተስ?»

ባዶ እግሩን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«እኔማ መጣሁ» አለ።

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታልቅስ ትሳቅ ከተኛሁበት መለየት አልቻልኩም፤ እናቷ ግን ለየችው መሰለኝ፣ የቆጮውን ሰሃን አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው። አቶ በራሶ አንገቴን የለቀቁት ከዚያ በኋላ ነው። ሐጂ ሽኩር ወደ ዲላ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እንደነገሩኝ፣ ስንት ዘመን በሽምግልና ሲኖሩ፣ በሁለት ቃል ሚስት ያገኘ ወንድ አላዩም።